ታጥቦ የተመለሰ ማሊያ

ለአሥራ ሰባት ሰዓት ያህል የፕሮፌሽናል ክለብ ተጫዋች ሆኜ አውቃለሁ። ከረቡዕ አመሻሽ እስከ ሐሙስ ረፋድ። ይህን ስናገር የማያውቁኝ ሰዎች ይስቃሉ፤ የሚያውቁኝ፣ በተለይ ጂንካ ሜዳ ላይ ስሮጥ ያዩኝ ደግሞ የባሰ ይስቃሉ። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ዛሬ እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ያኔ ግን ሳቅ የሚባል ነገር አጠገቤም አልነበረም።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ስሜ ፍቅሩ ነው፤ ጂንካ ተወልጄ ያደግኩ፣ ኮሌጅ ገብቼ ሁለተኛ ዓመት የደረስኩ ነበርኩ። አባቴ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው። "ትመረቅና ባንኮኒው ያንተ ነው" ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ባንኮኒ ጀርባ መቆም እንደ መታሰር ነበር የምቆጥረው። ከሱቁ የምታወጣኝ ኳስ ብቻ ነች ብዬ ደምድሜ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ከተማው መሃል ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ስጫወት፣ አውሮፕላን ሲመጣ ከከብቶቹ ጋር አብሬ ስባረር ነው ያደግኩት። ሩጫ ነበረኝ፣ ጉልበት ነበረኝ። የጎደለኝ ኳስ መጫወት ብቻ ነበር፤ ይህን ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢነግረኝም አልሰማውም ነበር።

በኮሌጁ ቡድን ውስጥ ሙጋ የሚባል የዲመካ ልጅ ነበር። ሐመር ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ ነው የምንቀመጠው። ካልጠየቁት አይናገርም፤ ሲናገርም ቃላቱን እየመረጠ ነው። ሜዳ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነበር። እሱ ሰባት ቁጥር ነው፤ እኔ ከእሱ ተቀያሪዎች አንዱ።

እዚህ ላይ የቡድናችንን አንድ ሕግ ልንገራችሁ፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና። ቁጥር ያለው ማሊያ አሥራ አንድ ብቻ ነበረን። ተቀያሪ ሲገባ፣ የሚወጣው ልጅ መስመሩ ላይ ማሊያውን አውልቆ ይሰጠዋል፤ ገቢው ላብ የጠገበውን ማሊያ አጥልቆ ይሮጣል። ዳኛውም ለምዶታል። ከጨዋታ በኋላ ደግሞ መጨረሻ የለበሰው አጥቦ ለባለማሊያው ይመልሳል። አብዛኞቹ ልጆች ይህን የመጨረሻውን ክፍል ይረሱታል።

በዚያ ሳምንት ከአጎራባች ዞን ሁለት ኮሌጆች ለውድድር ወደ ጂንካ መጡ። ከእነሱ ጋር አንድ እንግዳ መጣ፤ የአንድ ትልቅ ክለብ መልማይ። ጋሽ ዘውዴ ይባላሉ። ክለቡ ከየኮሌጁ አዳዲስ ተጫዋቾች ሊወስድ ነው፤ ከጂንካ የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ፤ ዝርዝሩ የሚዘጋው ደግሞ ሰኞ። ይህ ወሬ ከተማውን አዳረሰው።

ጋሽ ዘውዴ በስልሳዎቹ ያሉ፣ በቀኝ እግራቸው ትንሽ የሚያነክሱ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ከእጃቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። አሠልጣኛችን ከባለሥልጣናቱ መሃል የክብር ወንበር አዘጋጅተውላቸው ነበር። እሳቸው ግን ወንበሩን ራሳቸው አንስተው ከሜዳው ማዶ፣ ዛፍ ሥር ብቻቸውን ተቀመጡ።

"የልጆቹን ስም ዝርዝር ላምጣልዎት?" አሏቸው አሠልጣኛችን።

"አልፈልግም። ስም ከሰማሁ የማን ልጅ፣ የማን ወገን የሚል ወሬ ይከተላል። እኔ ቁጥር ነው የምጽፈው። ስም የምጠይቀው ስጨርስ ነው።"

በዚህ አሠራራቸው ስንቱን አማላጅ መልሰዋል። የእኛን የአሥራ አንድ ማሊያ ሕግ ግን ማንም አልነገራቸውም።

ማክሰኞ የመጀመሪያው ጨዋታ ተደረገ። ሙጋ ሙሉውን ተጫወተ፣ እኔ ሙሉውን ተቀመጥኩ። ከዚያ ጨዋታ አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳም። ኳስ ከግራ በኩል ለሙጋ ተላከች፤ ሦስት ተከላካዮች ከበውታል። ኳሷ ሳትደርስ ሁለት ጊዜ ትከሻውን አዙሮ ወደ ኋላው አየ። ስትደርስ ግን አልነካትም፤ እግሩን ከፍቶ አሳለፋት። ሦስቱም በእሱ ላይ ተረባረቡ፤ ኳሷ ከኋላው ብቻውን የቆመው አጥቂያችን ጋ ደረሰች። ጎል! ከሜዳው ማዶ ጋሽ ዘውዴ ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ።

ጨዋታው እንዳለቀ ሙጋ ከጎሉ ጀርባ ጠራኝና ማሊያውን አውልቆ ሰጠኝ።

"ነገ አንተ ልበስ። እኔ ጠዋት ወደ ቤት እሄዳለሁ።"

"የት ቤት?"

"ዲመካ። ወንድሜ ከብት ሊዘል ነው።" በሐመር ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም መድረሱን የሚያሳየው በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ሮጦ ነው። ሙጋ የእጁን አንጓ አሳየኝ። ቤተሰቡ የላከለት ክር ታስሮበታል፤ ክሩ ላይ ሦስት ቋጠሮ አለ። ጥሪው እንደዚያ ነው፤ በየቀኑ አንዱን ይፈታል፤ ሲያልቅ ቀኑ ደረሰ ማለት ነው። "ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ አርብ" አለ ቋጠሮዎቹን እየነካ።

"አብደሃል እንዴ? ሰውዬው ነገም ሊያይህ ነው! አንድ ቀን ብትቆይ ምን ትሆናለህ?"

"እንግዳ የምቀበል እኔ ነኝ። ቀኑ ተቆጥሯል።" ቦርሳውን አነሳ። ጥቂት ሄድ ብሎ ዞረና "ማሊያውን ታመጣልኛለህ" አለኝ።

ረቡዕ ሰባት ቁጥርን ለብሼ ገባሁ። አባቴ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፤ ሱቅ ዘግቶ ኳስ ሊያይ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሮጥኩ። እንደዚያን ቀን ሮጬ አላውቅም። አንዷን ኳስ ከጎሉ በላይ ወደ ሰማይ ሰደድኳት፤ ሌላዋን ለተቃራኒ ቡድን አቀበልኩ። ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ። ሲያልቅ ጋሽ ዘውዴ ሜዳውን አቋርጠው እያነከሱ መጡ።

"ሰባት ቁጥር የታለ?"

ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። እሳቸውም ቁጥሩን አይተው ወደ እኔ መጡ።

"ዛሬ ደክመህ ነበር ልጄ፤ ያጋጥማል። የትናንቱን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ስምህ ማነው?"

አንባቢዎቼ፣ በሰው ሕይወት ውስጥ ሁለት ሰከንድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የማውቀው ከዚያን ዕለት ጀምሮ ነው። ከጀርባቸው አሠልጣኛችንን አየኋቸው፤ ጭንቅላታቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁልኝ። ከዚያ ወዲያ አባቴን አየሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ፍቅሩ" አልኩ።

ጋሽ ዘውዴ ጻፉት።

አሠልጣኛችን ወደ ጎን ወሰዱኝ። "ሙጋን ያስወጣው የለም፤ ራሱ ጥሎ ሄደ። ጂንካ ባዶ እጇን ከምትቀር አንተ ብትሄድ ምን አለበት? ዝም በል፣ ዕድልህን ያዝ" አሉኝ። ልጆቹም ዝም አሉ። አባቴ አቅፎኝ "ባንኮኒው ይቅርብህ" አለኝ። ስጠብቀው የኖርኩትን ቃል ሰማሁ፤ ግን አልጣመኝም። እናቴ ማሊያውን አጥባ አስጥታው ኖሮ፣ ጠዋት አጣጥፋ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። "የራስህ ነው ወይስ የሚመለስ ነው?" ስትለኝ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጋሽ ዘውዴን ልሸኝ መናኸሪያ ሄድኩ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ደብተራቸውን ገልጠው የማክሰኞውን ገጽ አነበቡልኝ።

"ስማ፤ 'ሰባት ቁጥር። ኳስ ሳይደርሰው ሁለት ጊዜ ያያል። ከነካቸው ኳሶች ያልነካት ትበልጣለች። ይህን ማንም አያስተምረውም።'" ቀና ብለው አዩኝ። "እንዲህ ያለ ልጅ ካየሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ማነው ያስተማረህ?"

"ማንም" አልኩ። በዚያ ሁለት ቀን የተናገርኳት እውነት እሷ ብቻ ነበረች።

አውቶቡሱ ሄደ። እኔ አቧራው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ያ ያነበቡልኝ ነገር ሙጋ ነው፤ ስሙ አልተጻፈም እንጂ ከነትከሻው፣ ከነእግሩ እሱ ነው። ከሥሩ ያለው ስም ግን የእኔ። ሐቁን እንድነግራችሁ ከፈለጋችሁ፣ አውቶቡሱን እንድከተል ያደረገኝ ግማሹ ኅሊና ነበር፣ ግማሹ ደግሞ ፍርሃት። ክለቡ ጋ ሄጄ የመጀመሪያዋን ኳስ ስነካ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ግን ከፍርሃቱ ይልቅ አንጀቴን የበላው "ማሊያውን ታመጣልኛለህ" ያለኝ ነገር ነው።

ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው። ነጋዴ የጫነ አይሱዙ ላይ ዘልዬ ወጣሁ።

"ወዴት ነህ ወንድሜ? ሰው ገድለህ ነው እንዴ እንዲህ የምትሮጠው?" አለኝ ረዳቱ።

"አውቶቡሱን ልድረስበት።"

"ቀይ አፈር ቁርስ ይበላሉ። ትደርሳለህ።"

አልደረስኩም። ቀይ አፈር ስንገባ አውቶቡሱ የሄደው ገና አሁን ነው አሉኝ። ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ገበያው ውስጥ እየተጋፋሁ ወደ ወይጦ የሚወርድ መኪና ፈለግኩ፤ በመጨረሻ አንድ ባዶ የጭነት መኪና ሾፌር "ከኋላ ውጣ" አለኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ ፊቴን ይገርፈኛል። አውቶቡሱ ወይጦንም ካለፈ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ የምከተልበት አቅም የለኝም። ቦርሳዬን አቅፌ ጸለይኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም።

ወይጦ ስንደርስ አውቶቡሱ መንገድ ዳር በአንድ ጎኑ ከፍ ብሎ ቆሟል። ጎማ ፈንድቶበት እየቀየሩ ነው። ጎማ ፈነዳ ብሎ እልል ለማለት የቃጣው መንገደኛ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጋሽ ዘውዴ ግራር ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፓፓያ ይበላሉ።

"ፍቅሩ? ምን ሆነህ ነው?"

"ጋሼ፣ ማክሰኞ የተጫወትኩት እኔ አይደለሁም።"

"እንዴት አንተ አይደለህም? ሰባት ቁጥር—"

"ሰባት ቁጥር ማክሰኞ ሙጋ ነው። ረቡዕ እኔ ነኝ። ማሊያው አንድ ነው፣ እኛ ግን ሁለት ነን። ሙጋ ለወንድሙ ዝላይ ዲመካ ሄዷል። ስሜን ሲጠይቁኝ... ዋሸሁዎት።"

ፓፓያውን አስቀመጡ። ጎማ ወደሚያጠብቁት ሰዎች ዞሩ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

"ዘመድ እንዳያስገባብኝ ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ስም ሳልጠይቅ ኖርኩ" አሉ። "አንድን ማሊያ ሁለት ሰው ይለብሰዋል ብዬ ግን አላሰብኩም። ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም።" ከዚያ ድምፃቸው ጠጠረ። "አሁንስ ለምን አምንሃለሁ? ማክሰኞ የተጫወተው ሌላ ከሆነ፣ ያደረገውን ንገረኝ።"

ነገርኳቸው። ተቀያሪ ሆኜ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁት እሱን ነው። ትከሻውን እንዴት እንደሚያዞር፣ ሲደክመው ወደ መሃል እንደሚጠጋ፣ ሲናደድ እንደሚዘገይ ነገርኳቸው። "ግን ጋሼ፣ ኳስ ከግራ ስትመጣ ነው ዞሮ የሚያየው። ከቀኝ ስትመጣ አያይም። ማክሰኞ ከእረፍት በኋላ የእነሱ አምስት ቁጥር ነቅቶበት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ከኋላ ቀምቶታል።"

ጋሽ ዘውዴ እስክሪብቷቸውን አወጡ። "ይሄን እኔ አላየሁም" አሉና ጻፉ። ከዚያ ገጹን ገልብጠው፣ ዓይኔ እያየ፣ "ፍቅሩ" የሚለው ላይ መስመር አሰመሩበት። ታምኑኛላችሁ? እፎይ አልኩ።

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ጋሽ ዘውዴ ድንጋዩን ተደግፈው ተነሱ።

"ኮንሶ የማየው ሌላ ልጅ አለ። እሑድ ጠዋት ድረስ እዚያው ነኝ። ይዘኸው ከመጣህ ሜዳ ላይ አየዋለሁ። ካልመጣ ግን ከጂንካ ማንንም አልጽፍም። ገባህ?"

"ገብቶኛል ጋሼ።"

በዚያን ጊዜ ሞባይል ዲመካ አልደረሰም። መልእክቱ እኔው ራሴ ነበርኩ። ወደ ቀይ አፈር ተመለስኩ፣ አርብ ረፋድ ላይ ዲመካ ገባሁ፣ ሰው እየጠየቅኩ በእግሬ እስከ ሙጋ ቤተሰብ መንደር ሄድኩ። ሙጋ ከእንግዶች መሃል ሲያየኝ ደነገጠ። እጁ ላይ ያለው ክር ቋጠሮ አልቆበታል።

"መልማዩ ይፈልግሃል! ኮንሶ ነው። አሁን ተነስ፣ ዲመካ መኪና አለ" አልኩት እያለከለክኩ።

"ዛሬ ነው" አለኝ።

"ሙጋ፣ እሑድ ከዘገየን አበቃ! ነገ መኪና ባናገኝስ?"

"ወንድሜ ሳይዘል?" የማያውቀውን ቋንቋ የተናገርኩ ይመስል አየኝ። ከዚያ ጥላ አሳየኝና "ተቀመጥ" አለ፤ ቦርዴ የሚባለውን የእህል መጠጥ በቅል ሰጠኝ። በንዴት ልፈነዳ ደርሼ ነበር። ለስንት ነገር ብዬ ነው የመጣሁት? እሱ ግን ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ እየተነሳ ሰላምታ ይሰጣል፣ ያስቀምጣል፣ ያጠጣል። እኔም ከእንግዶቹ አንዱ ነበርኩ።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ከብቶቹ ጎን ለጎን ተደረደሩ። የሙጋ ታላቅ ወንድም ሮጠና ጀርባቸው ላይ ወጣ፤ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደገመ። አንዴም አልወደቀም። ዝምተኛው ሙጋ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ፊቱን አይቼ ገባኝ፤ ማክሰኞ ማታ አንድ ቀን እንዲቆይ ስለምነው ምን ተው እያልኩት እንደነበር።

ጩኸቱ በረድ ሲል ጎኔ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገርኩት፤ "ፍቅሩ" ያልኩበትንም ሳልደብቅ። ከቦርሳዬ ማሊያውን አውጥቼ ሰጠሁት። ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

"ሳሙና ይሸታል" አለ፤ ሳቀ።

አጣጥፎ ብብቱ ሥር ያዘውና ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።

ቅዳሜ የዲመካ ገበያ ስለነበረ መኪና አልጠፋም። ፍየል በሞላበት አይሱዙ ላይ ቆመን ቀይ አፈር፣ ከዚያ ወይጦ፣ ከዚያ ኮንሶ። ጋሽ ዘውዴ መናኸሪያው በር ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው ነበር። ለእኔ ሳይሆን ለሙጋ እጃቸውን ዘረጉለት።

"መጀመሪያ ስምህን ንገረኝ" አሉት።

እሑድ ማለዳ ከኮንሶ ልጆች ጋር ተጫወተ። ጋሽ ዘውዴ ደብተሩን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና "አንተ ጻፍ፣ እኔ አያለሁ" አሉ። የጻፍኩትን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ተጫዋች አትሆንም ፍቅሩ። ማንም ካልነገረህ እኔ ልንገርህ፤ ዕድሜህን አታባክን። ዓይን ግን አለህ። ሰው ኳሱን ሲያይ አንተ ሰውዬውን ታያለህ።"

አለቀስኩ። ሆድ ብሶኝ ነው ወይስ ደስ ብሎኝ፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። ሰኞ ዝርዝሩ ሲዘጋ ከጂንካ አንድ ስም ነበረበት፤ ሙጋ።

ቤት ስመለስ ለአባቴ እውነቱን መንገር ከሁሉም ከበደኝ። ሰማኝ፣ ባንኮኒውን ጠረገ፣ "የዋሸኸው ፊት ለፊቴ ነበር፤ ውሸቱን የመለስክበትን ግን አላየሁም። እሱንም ባይ ደስ ይለኝ ነበር" አለ። ከዚያ ወዲህ ከአባቴ ጋር በትክክል ተዋወቅን ማለት እችላለሁ።

ወገኖቼ፣ እኔ ዛሬ የስፖርት መምህር ነኝ፤ በእረፍቴ ደግሞ ከወይጦ እስከ ዲመካ ሜዳ ለሜዳ እየዞርኩ ለክለቦች ልጆች እመለከታለሁ። ጋሽ ዘውዴ አርፈዋል። የደብተሩን አያያዝ ግን አስተምረውኝ ሄደዋል፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይሬባቸዋለሁ። እኔ ከቁጥር በፊት ስም እጠይቃለሁ። አሠልጣኙን ሳይሆን ልጁን ራሱን፣ በራሱ አፍ። ልጁ ስሙን ሲናገር ዓይኑን አያለሁ፤ እኔ የዋሸሁበትን ቦታ በደንብ ስለማውቀው። በዚያ ሳምንት ጎማው ባይፈነዳ፣ ጋሽ ዘውዴ ተቆጥተው ቢያባርሩኝ፣ ሙጋ ፊቱን ቢያዞርብኝ ኖሮ ምን ዓይነት ሰው እሆን እንደነበር ሳስበው ይዘገንነኛል። ሁሉም በጎ ዋሉልኝ፤ እንደ ሥራዬ ሳይሆን።

ሙጋ ለብዙ ዓመት ተጫወተ፤ ጉልበቱን ሲታመም ተመልሶ አሁን ዲመካ ልጆች ያሠለጥናል። ባለፈው ዓመት ልጆቹን ላይለት ሄጄ መስመሩ ዳር አብረን ተቀምጠን ሳለ፣ ለዘመናት ሆዴ ውስጥ የቆየውን ጥያቄ አነሳሁት።

"ያን ጊዜ ለምን አልተቆጣኸኝም?"

ሜዳውን እያየ ትንሽ አሰበ።

"ማሊያውን ለማን ልስጥ ብዬ ቡድኑን ሁሉ አየሁ" አለ። "ጎበዝ ነህ ብዬ አይደለም ላንተ የሰጠሁት፤ ጎበዝ አልነበርክም። ግን ሌሎቹ ላቡን ሳያጥቡ ነው የሚመልሱት፤ አንዳንዱም አይመልስም። አንተ ሁልጊዜ ታጥበው ነበር። ዲመካ ስትመጣ ሳይህ፣ ዘግይቷል እንጂ ማሊያዬን አመጣልኝ አልኩ።"